ግንዱን ማን ያዘው? የአንቲቦዲ ተቀባዮች ታሪክ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ የአውሮፓ ሐኪሞች ሁለት ጎራ ለይተው ይሟገቱ ነበር። ጥያቄው አንድ ነው፦ ሰውን ከተላላፊ በሽታ የሚጠብቀው ምንድን ነው? ሩሲያዊው ኤልያ ሜችኒኮፍ «ሕዋስ ነው» አለ። በ1882 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በሲሲሊ ደሴት በመሲና ከተማ፣ ገላው ብርሃን በሚያሳልፍ የኮከብ ዓሣ እጭ ላይ እሾህ ሰካ፤ በማግስቱ ሲመለከት ተንቀሳቃሽ ሕዋሳት እሾሁን ከበውት አገኘ። ከዚያ ወዲህ ባክቴሪያን እየዋጡ የሚፈጩትን ነጭ የደም ሕዋሳት የሰውነት ዋነኛ ጠባቂዎች ናቸው እያለ ዕድሜውን ሙሉ ተሟገተላቸው።

በርሊን ያሉት ደግሞ «ፈሳሽ ነው» አሉ። በ1890 ኤሚል ቤሪንግና ጃፓናዊው ሺባሳቡሮ ኪታሳቶ በሮበርት ኮኽ ተቋም ውስጥ፣ የመንጋጋ ቆልፍን መርዝ ከለመደ እንስሳ ደም ወስደው ሕዋሳቱን ለዩ። የቀረውን ጠራ ያለ ፈሳሽ ለሌላ እንስሳ ሲወጉት ያ እንስሳም መርዙን ቻለው። በዚያ ፈሳሽ፣ ማለትም በሴረሙ ውስጥ የነበረው ነገር ዛሬ አንቲቦዲ የምንለው ነው። በ1908 የኖቤል ሽልማት ለሁለቱም ጎራ ተከፈለ፤ ግማሹ ለሜችኒኮፍ፣ ግማሹ ለሴረም ሊቁ ለፓውል ኤርሊኽ። ክርክሩ ግን በሽልማት አልተዘጋም። የተዘጋው አንቲቦዲና ሕዋስ የሚገናኙባት ነጥብ አንድ በአንድ፣ አቶም በአቶም ስትታይ ነው። እዚያ ለመድረስ መቶ ዓመት ገደማ ወሰደ።

የመጀመሪያው ፍንጭ የመጣው ከለንደን ነው። በ1903 አልምሮት ራይትና ስቱዋርት ዳግላስ በሴንት ሜሪ ሆስፒታል ነጭ የደም ሕዋሳትን ከሴረም አጥበው ከባክቴሪያ ጋር ቀላቀሏቸው። ሕዋሳቱ ባክቴሪያውን እምብዛም አልነኩትም። ሴረም ሲጨመር ግን እየተስገበገቡ ዋጡት። ሁለቱ ሰዎች እዚያ ላይ አላቆሙም። ሴረሙ የሚሠራው በሕዋሱ ላይ ነው ወይስ በባክቴሪያው ላይ ብለው ጠየቁ፤ መልሱም «በባክቴሪያው ላይ» ሆነ። ሴረሙ ባክቴሪያውን ለመዋጥ ያሰናዳዋል። ያ አሰናጅ ነገር በከፊል አንቲቦዲ፣ በከፊል ደግሞ ኮምፕልመንት የሚባሉ ሌሎች የሴረም ፕሮቲኖች መሆናቸው የታወቀው በኋላ ነው። ራይት በግኝቱ እጅግ ተመክቶ ሕክምናን ሁሉ በእሱ ላይ ሊመሠርት ሞከረ። በርናርድ ሾው በ1906 ለመድረክ ባበቃው «የሐኪሙ አጣብቂኝ» በተሰኘው ተውኔት ውስጥ ያለው ሐኪም የተቀረጸው በራይት አምሳል ነው። ሕክምናው የታሰበለትን ያህል አልተራመደም፤ ሐሳቡ ግን ቀረ፦ አንቲቦዲ ያረፈበትን ባክቴሪያ ሕዋሱ ለይቶ ያውቃል። በምን ያውቃል? ለዚህ መልስ የነበረው ሰው አልነበረም።

ቀጣዩ ፍንጭ ከአለርጂ በኩል መጣ። በ1921 በብሬስላው፣ ዛሬ የፖላንዷ ቭሮትስዋፍ በሆነችው ከተማ፣ ካርል ፕራውስኒትስና ሃይንስ ኪውስትነር የተባሉ ሐኪሞች ራሳቸውን መሞከሪያ አደረጉ። ኪውስትነር የበሰለ ዓሣ የማይስማማው ሰው ነበር። ከእሱ ደም የተገኘ ጥቂት ሴረም በፕራውስኒትስ የሆድ ቆዳ ውስጥ ተወጋ። በማግስቱ እዚያው ቦታ ላይ የዓሣ ጭማቂ ሲወጋ ቆዳው ቀልቶ አበጠ። ፕራውስኒትስ ዓሣ ያለችግር የሚበላ ሰው ነው፤ የባልደረባው አለርጂ ግን ለጊዜው በዚያች ጣት በምታህል ቦታ ላይ የእሱ ሆነ። ይህን ሙከራ ሳስበው የሚገርመኝ እብጠቱ አይደለም፤ ማደሩ ነው። በሴረሙ ውስጥ የነበረው ነገር ከደም ጋር ታጥቦ አልሄደም። እዚያው ቆዳ ውስጥ አንድ ነገር ይዞት፣ ዓሣው እስኪመጣ ጠበቀ።

የሚይዘውን ለማወቅ በመጀመሪያ የተያዘውን ማወቅ ያስፈልጋል። አንቲቦዲ ምን እንደሚመስል ደግሞ እስከ 1950ዎቹ ማብቂያ ድረስ ማንም አያውቅም ነበር። ያኔ ለንደን ሚል ሂል በሚገኘው ብሔራዊ የሕክምና ምርምር ተቋም ሮድኒ ፖርተር የጥንቸል አንቲቦዲን ፓፓይን በሚባል ኢንዛይም ቆራረጠ። ፓፓይን ከፓፓያ ወተት የሚወጣ፣ ሥጋ ለማለስለስም የሚያገለግል ነገር ነው። ፖርተር በ1958 እና በ1959 እንደዘገበው ኢንዛይሙ አንቲቦዲውን እንዳገኘ አላደቀቀውም፤ ሦስት ቦታ ከፈለው። ሁለቱ ቁራጮች ባዕዱን ነገር የሚይዙ ነበሩ። ሦስተኛው ምንም አይዝም፤ ነገር ግን በቅዝቃዜ ሲቀመጥ ክሪስታል ሠራ።

ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ትርጉሙ ግን ከባድ ነው። አንድ ፕሮቲን ክሪስታል የሚሠራው ሞለኪውሎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ሲሆኑ ነው። በአንድ ጥንቸል ደም ውስጥ ለልዩ ልዩ ጠላት የተዘጋጁ ቁጥር ስፍር የሌላቸው አንቲቦዲዎች አሉ። ሦስተኛው ቁራጭ ክሪስታል ከሠራ፣ ይህ ክፍል በእነዚያ ሁሉ አንቲቦዲዎች ላይ ተመሳሳይ ነው ማለት ነው። ከፖርተር ሥራና በኒው ዮርክ ጄራልድ ኤደልማን የአንቲቦዲን ሰንሰለቶች ከለየበት ሥራ (ሁለቱም በ1972 የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል) አንቲቦዲ እንደ ባላ መሆኑ ታወቀ። ሁለቱ ቅርንጫፎች ጫፋቸው ከአንዱ አንቲቦዲ ወደ ሌላው እየተለያየ ጠላትን ይይዛል፤ ግንዱ ግን አንድ ነው። ሳይንቲስቶች ይህን ግንድ ኤፍሲ ይሉታል። ጠላት የማይይዝ ከሆነ ግንዱ ምን ይሠራል?

መልሱ ካልታሰበ ሰው መጣ። ፍራንሲስ ብራምቤል በዌልስ፣ በባንጎር ከተማ የእንስሳት ሳይንስ መምህር ነበር፤ የሚያጠናውም እናት ለልጇ በሽታ የመከላከል አቅሟን እንዴት እንደምታወርስ ነው። የጥንቸል ግልገል አንቲቦዲን ገና በማሕፀን ሳለ ያገኛል። የአይጥ ግልገል ደግሞ ከተወለደ በኋላ ከእናቱ ወተት፣ በአንጀቱ በኩል ይቀበላል። ብራምቤልና ባልደረቦቹ አንዱ አንቲቦዲ ሲበዛ የሌላው መተላለፍ እንደሚቀንስ አዩ። ፕሮቲኑ ዝም ብሎ የሚንጠባጠብ ቢሆን ኖሮ ሽሚያ ባልኖረ ነበር። ሽሚያ ካለ ቁጥራቸው የተወሰነ ቦታዎች አሉ ማለት ነው። ስለዚህ በ1958 የአንጀት ሕዋሳት አንቲቦዲን የሚይዙ ተቀባዮች አሏቸው የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ከሁለት ዓመት በኋላ ፖርተር ራሱ አብሯቸው ሆኖ ቁራጮቹን በጥንቸል ማሕፀን ሞከሩ። ወደ ሽሉ ደም በደንብ የተሻገረው ግንዱ ነበር፤ ቅርንጫፎቹ ግን ወደ ኋላ ቀሩ።

በ1964 ብራምቤል ሌላ ነገር ጨመረ። በደም ውስጥ በብዛት የሚገኘው አይጂጂ የተባለው የአንቲቦዲ ዓይነት ከአብዛኞቹ የደም ፕሮቲኖች እጅግ ረዝሞ ይቆያል፤ ግማሹ ለማለቅ ሦስት ሳምንት ገደማ ይፈጃል። ብራምቤል «አንቲቦዲን ወደ ልጅ የሚያሻግረው ተቀባይ ወይም የእሱ ዘመድ በአዋቂ ሰው ውስጥ አንቲቦዲን ከመፍረስ ያድናል» አለ። ተቀባዩን አይቶት አያውቅም፤ በእጁ የነበረው ስሌትና ምክንያት ብቻ ነው። ብራምቤል በ1970 አረፈ፤ ያለው ሁሉ ልክ መሆኑ በተግባር የተረጋገጠው እሱ ካለፈ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ካሉት ሰዎች ሁሉ እኔ አብልጬ የማከብረው እሱን ነው።

በተመሳሳይ ጊዜ የራይት ጥያቄ ተመልሶ ተነሣ። በ1960 ስቴፈን ቦይደንና ኤርንስት ሶርኪን በሴረም የተነከሩ የጣፊያ ሕዋሳት ባዕድ ነገርን መያዝ እንደሚጀምሩ አሳዩ፤ አንዳንድ አንቲቦዲዎች በሕዋስ ላይ ይለጠፋሉ ማለት ነው። በ1966 በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ አርተር በርከንና ባሩህ ቤናሰራፍ ከጊኒ ፒግ በተገኙ ማክሮፌጆች (ባክቴሪያ የሚውጡት ትላልቅ ነጭ ሕዋሳት ናቸው) ላይ ሙከራ ሠሩ። አንቲቦዲ የለበሱ የበግ ቀይ የደም ሕዋሳት በማክሮፌጁ ዙሪያ ተደርድረው ይጣበቃሉ። አንቲቦዲው ግንዱን ካጣ ግን መጣበቁ ይቀራል። እንግዲህ ማክሮፌጁ የሚይዘው ያንኑ ግንድ ነው።

የአለርጂውም አንቲቦዲ ያኔ ተገኘ። በዴንቨር ኪሚሺጌና ቴሩኮ ኢሺዛካ የተባሉ ጃፓናውያን ባልና ሚስት በ1966፣ በስዊድን ኡፕሳላ ደግሞ ጉናር ዮሃንሰንና ሃንስ ቤኒክ በ1967፣ በተለያየ መንገድ ወደ አንድ ፕሮቲን ደረሱ። በ1968 የዓለም ጤና ድርጅት አይጂኢ የሚለውን ስም አጸደቀ። በፕራውስኒትስ ቆዳ ውስጥ ያደረው ይህ ነበር። በቆዳ ውስጥ ባሉት ማስት ሕዋሳት ላይ በግንዱ ተይዞ ለሳምንታት ይቀመጣል።

እዚህ ላይ አንድ ትልቅ እንቆቅልሽ መጣ። በአንድ ሊትር የሰው ደም ሴረም ውስጥ አሥር ግራም ገደማ አይጂጂ አለ። ነጭ ሕዋሳት ቀንና ሌሊት በዚህ ውስጥ ይዋኛሉ። ግንዱን የሚይዙ ተቀባዮች ካሏቸው፣ ግንዱም በዙሪያቸው ሞልቶ ካለ፣ ለምን ሁልጊዜ አይቆጡም? ማስት ሕዋሳትስ አይጂኢ በላያቸው ተሰክቶ ሳለ ለምን ዝም ይላሉ? ዝምታው ባይኖር ኖሮ አንቲቦዲ መድኃኒት ሳይሆን መርዝ በሆነ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣው ሥራ ሁሉ፣ በእኔ አመለካከት፣ የዚህን ዝምታ ምክንያት ፍለጋ ነው።

በ1977 በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የሄንሪ ሜትዝገር ቡድን ግማሹን መለሰ። አንድ ነጠላ አይጂኢ ማስት ሕዋስን አያነሣሣም፤ ሁለት አንቲቦዲዎች ተያይዘው ሲመጡ ግን ይበቃሉ። ሕዋሱ የሚነሣው ተቀባዮቹ አንዱ ከሌላው ጎን ሲጎተቱ ነው። ባክቴሪያ ላይ የተሰለፉ አንቲቦዲዎች ግንዶቻቸውን ጎን ለጎን ያቀርባሉ፤ በደም ውስጥ ብቻውን የሚንሳፈፍ ግን አንድ ግንድ ብቻ አለው። ይህ ግን ሌላ ጥያቄ አመጣ። ግንዱ ከሁለት ተመሳሳይ ሰንሰለቶች የተሠራ ነው፤ ግራውና ቀኙ እኩል ነው። ሁለት እኩል ጎን ያለው ነገር ሁለት ተቀባዮችን በአንዴ ሊይዝ ይገባል፤ ሁለት ከያዘ ደግሞ ነጠላውም አንቲቦዲ ሕዋሱን ማስቆጣት ነበረበት። ምን ያግደዋል?

ተቀባዩን በእጅ ለመያዝ መሣሪያ ያስፈልግ ነበር። በ1979 በሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ጄይ አንከለስ የአይጥ ማክሮፌጅ ተቀባይን ለይቶ የሚይዝና የሚዘጋ አንቲቦዲ ሠራ። ይኸው አንቲቦዲ ዛሬም በየቤተ ሙከራው፣ ተቀባዮች ምርመራውን እንዳያበላሹ ለመዝጋት በየዕለቱ ይጨመራል። የመዝጋት ሐሳብ ወደ ሕክምናም ገባ። በ1981 በስዊዘርላንድ በርን ሐኪሙ ፓውል ኢምባኽ፣ ሰውነታቸው የገዛ ራሱን ፕላትሌት (ደም የሚያረጋ የደም ቅንጣት) በሚያጠፋባቸው ልጆች ደም ሥር ውስጥ ከብዙ ሰዎች የተሰበሰበ አይጂጂ በብዛት ሲሰጥ ፕላትሌታቸው እንደሚያንሠራራ ዘገበ። በዚህ በሽታ ፕላትሌቶቹ አንቲቦዲ ይለብሳሉ፤ የጣፊያ ማክሮፌጆችም በግንዱ ይዘው ይውጧቸዋል። በ1986 አንከለስ ያለበት ቡድን ሌላ ሕክምና እምቢ ላለ ሕመም ተቀባዩን የሚዘጋ አንቲቦዲ ሰጥቶ የፕላትሌት ቁጥር ሲያድግ አየ። ተቀባዩ የቤተ ሙከራ ነገር ብቻ አለመሆኑ፣ በሰው ገላ ውስጥ በሽታ የሚያደርስ መሆኑ በዚህ ታየ።

በ1986 የአይጡ ተቀባይ ጂን በሦስት ቡድኖች እጅ ገባ፤ የሰው ተቀባዮች ጂኖችም እስከ 1989 ድረስ ተከታትለው ተነበቡ። ቤተሰቡ ብዙ አባላት አሉት። ከሕዋሱ ውጪ ያለው ክፍል በአብዛኞቹ ሁለት እጥፋቶች ያሉት ሲሆን፣ የሚገርመው እጥፋቶቹ ከአንቲቦዲው ከራሱ ጋር ዝምድና ያላቸው መሆኑ ነው፤ ያዡና ተያዡ ከአንድ ጥንታዊ የፕሮቲን ዘር የወጡ ናቸው። ልዩነቱ ወደ ውስጥ ባለው ጅራት ላይ ነው። በ1989 ጀርመናዊው ሚካኤል ሬት በልዩ ልዩ ተቀባዮች ጅራት ላይ አንድ ተደጋጋሚ ቅደም ተከተል አስተዋለ፤ ሁለት ታይሮሲን የሚባሉ አሚኖ አሲዶች በተወሰነ ርቀት ይቀመጣሉ። ተቀባዮቹ ሲቀራረቡ ፎስፌት እነዚህ ላይ ይለጠፋል፤ ሕዋሱም ይነሣል። በ1994 ደግሞ በጄፍሪ ራቬችና ባልደረቦቹ ሥራ ከዘመዶቹ አንዱ ተቃራኒ ጅራት እንዳለው ተገለጠ፤ ግንዱን በተመሳሳይ እጅ ይይዛል፣ ሕዋሱን ግን ያበርደዋል። ስለዚህ አንድ አንቲቦዲ የሚቀሰቅሰውም የሚያረጋጋውም አለው፤ ውጤቱን የሚወስነው የሁለቱ ሚዛን ነው።

ቅርጹን ማየት ግን ከዚህ ሁሉ የተለየ ትዕግሥት ይጠይቃል። ፕሮቲኑን በብዛት አጥርቶ ማዘጋጀት፣ ክሪስታል እስኪሠራ መለማመጥ፣ ክሪስታሉን በኤክስሬይ መምታት፣ ጨረሩ ከተበተነበት ነጠብጣብ የእያንዳንዱን አቶም ቦታ ማስላት ያስፈልጋል። መለኪያው አንግስትሮም ነው፤ የአንድ ሚሊሜትር አሥር ሚሊዮንኛ። በሙኒክ አቅራቢያ፣ በማርቲንስሪድ በሚገኘው የማክስ ፕላንክ ተቋም ሮበርት ሁበርና ዮሃን ዳይዘንሆፈር የአንቲቦዲን ግንድ ቅርጽ በ1976 አሳዩ፤ በ1981 ዳይዘንሆፈር በ2.9 አንግስትሮም አጠራው። ሁለቱ ሰንሰለቶች ከታች ተያይዘው ከላይ ይከፈታሉ፤ በመካከላቸው ባለው ክፍት ቦታም የስኳር ሰንሰለቶች ተቀምጠዋል። በላይኛው ጫፍ፣ ግንዱ ከቅርንጫፎቹ ጋር የሚገጣጠምበት አንገት ግን በሥዕሉ ላይ አልታየም። ያ ቦታ ተወዛዋዥ ስለሆነ በኤክስሬይ ይደበዝዛል። ሥዕሉ የደበዘዘው ሁሉም በሚፈልገው ቦታ ላይ ነበር። በ1988 የካምብሪጁ ግሬግ ዊንተርና ባልደረቦቹ የሰው ተቀባይ በቅጡ የማይዘውን አንድ የአይጥ አንቲቦዲ ወስደው እዚያ አንገት ላይ አንዲት አሚኖ አሲድ ብቻ ሲለውጡ ተቀባዩ መቶ ጊዜ አጥብቆ ያዘው።

ከሁሉም ተቀባዮች ቀድሞ ከግንዱ ጋር የታየው የብራምቤል ተቀባይ ነው። ጂኑን በ1989 ኒል ሲሚስተርና ኪት ሞስቶቭ አገኙት። ዘመዶቹ ሌሎቹ የግንድ ተቀባዮች ሳይሆኑ፣ ሕዋስ የውስጡን ቁራጭ ለመከላከያ ሕዋሳት የሚያሳይባቸው ፕሮቲኖች ሆነው መገኘታቸው ማንም ያልጠበቀው ነበር። በ1994 በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ በፓሜላ ብዮርክማን ቤተ ሙከራ፣ ቅርጹ ከግንዱ ጋር ታየ። ይህ ተቀባይ አንገቱን አይነካም፤ ከወገቡ ይይዛል። እዚያ ወገብ ላይ ሂስቲዲን የሚባሉ አሚኖ አሲዶች አሉ። በሕዋሱ ውስጥ ባሉት አሲድነት ባላቸው ከረጢቶች፣ ፒኤች 6 ገደማ ሲሆን፣ ሂስቲዲኖቹ የኤሌክትሪክ ሙል ይይዛሉ፤ መያያዙም ይጠብቃል። ከረጢቱ ወደ ደም ሲከፈት፣ ፒኤች 7.4 ላይ፣ ያ ሙል ይጠፋል፤ አንቲቦዲውም ይለቀቃል። በእንግዴ ልጅ በኩል ከእናት ወደ ጽንስ የሚሻገረውም በዚሁ መንገድ ነው። በአገራችን ነፍሰ ጡር ሴት የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ስትወጋ አንቲቦዲውን ለጽንሱ የሚያደርስላት ይህ ተቀባይ ነው፤ ኢትዮጵያም የእናቶችና የጨቅላ ሕፃናት መንጋጋ ቆልፍን ማስወገዷ በ2017 ተረጋግጦላታል።

የዝምታው እንቆቅልሽ ግን ገና አልተፈታም። በ1998 በኢሊኖይ፣ በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ስኮት ጋርማንና ቴዎዶር ጃርዴትስኪ፣ ከዣን ፒየር ኪኔ ጋር፣ የአይጂኢ ተቀባይን ቅርጽ ብቻውን አወጡ። ሁለቱ እጥፋቶች በሹል ማዕዘን ተጎንብሰው፣ አናቱ ላይ ትሪፕቶፋን የሚባሉ ውኃ የማይወዱ ትላልቅ አሚኖ አሲዶች ተጋልጠው ታዩ። በዓመቱ የሜልበርን ቡድን ከአይጂጂ ተቀባዮች አንዱን፣ በማርቲንስሪድ ፔተር ዞንደርማን ከኡቬ ያኮብና ከሁበር ጋር ሌላውን አሳዩ፤ ተመሳሳይ ጎንበስ ያለ ቅርጽ ነው።

ሐምሌ 2000 ላይ በአንድ የ«ኔቸር» መጽሔት እትም ሁለት ጽሑፎች ተከታትለው ወጡ። አንዱ የኖርዝዌስተርኖቹ፣ አይጂኢ ከተቀባዩ ጋር፤ ሌላው የማርቲንስሪዶቹ፣ አይጂጂ በቁጥር ከሚለዩት ተቀባዮቹ ከሦስተኛው ጋር፣ በ3.2 አንግስትሮም። ሁበር የግንዱን ቅርጽ ካሳየ 24 ዓመት አልፎ ነበር። ሁለቱም ሥዕሎች አንድ ነገር ተናገሩ። ተቀባዩ ከጎን አይመጣም፤ በሁለቱ ሰንሰለቶች መካከል፣ ከላይ፣ ወደ ክፍቱ ቦታ ይገባል። ከአንዱ ሰንሰለት አንዱን ፊት፣ ከሌላው ሌላውን ፊት ይይዛል። ከግንዱ አንድ ፕሮሊን የሚባል አሚኖ አሲድ በተቀባዩ ሁለት ትሪፕቶፋኖች መካከል ገብቶ ይጨበጣል። ያ የደበዘዘው አንገትም ተቀባዩ ሲይዘው ረግቶ ታየ።

እኩል የሆነው ግንድ፣ አንድ ተቀባይ ከገባበት በኋላ እኩል መሆኑ ይቀራል። የሁለቱም ሰንሰለት ድርሻ ተይዟልና ሁለተኛ ተቀባይ የሚቀመጥበት ቦታ የለም። አንድ አንቲቦዲ፣ አንድ ተቀባይ። የሜትዝገር ሙከራ ቀሪ ግማሽ ይኸው ነበር፤ በደም ውስጥ ብቻውን የሚዞር አንቲቦዲ ተቀባይ ቢያገኝ እንኳ ሁለቱን ሊያቀራርብ አይችልም። ሕዋሱ የሚቆጣው ግንዶች ሲበዙ ብቻ ነው፤ ግንዶች የሚበዙት ደግሞ ቅርንጫፎቹ የጋራ ጠላት ሲያገኙ ነው። ይህን ያህል ትልቅ ጥንቃቄ በአንድ አቀማመጥ ላይ መመሥረቱን ሳስብ ዛሬም እደነቃለሁ። ነጠላ አይጂጂን እጅግ አጥብቆ የሚይዘው፣ ሦስት እጥፋት ያለው የመጀመሪያው ተቀባይ እንኳ ከግንዱ ጋር ቅርጹ በ2015 ሲታይ በዚሁ አቀማመጥ ነበር። በ2003 ከብዮርክማን ቤተ ሙከራ የወጣው፣ አይጂኤ የተባለውን ሌላ የአንቲቦዲ ዓይነት የሚይዘው ተቀባይ ግን ከዚህ ሕግ ውጪ ሆነ፤ እሱ ግንዱን ከወገቡ ይይዛል፣ ሁለትም ይሆናል።

ሥዕሉ እጅ ላይ ከገባ በኋላ ነገሩ ወደ ሐኪሞች ዞረ። ሪቱክሲማብ የተባለው የሊምፎማ መድኃኒት በ1997 በአሜሪካ ጸድቆ ነበር፤ የካንሰሩን ሕዋስ ይዞ ግንዱን ለነጭ ሕዋሳት ያቀርባል። በ2002 በፈረንሳይ ቱር ከተማ ጊዮም ካርትሮንና ባልደረቦቹ 49 ሕመምተኞችን መረመሩ። በሦስተኛው ተቀባይ 158ኛ ቦታ ላይ አንዳንድ ሰው ቫሊን የሚባል አሚኖ አሲድ፣ ሌላው ፌኒልአላኒን አለው። ከሁለቱም ወላጆቻቸው ቫሊን የወረሱት በሁለት ወር ውስጥ ሁሉም ለመድኃኒቱ ምላሽ ሰጡ፤ ከቀሩት ግን 67 በመቶው ብቻ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ከሌሎች የካንሰር መድኃኒቶች ጋር ተደምሮ በተሰጠባቸው የኋላ ጥናቶች ልዩነቱ ሁልጊዜ አልታየም። ሆኖም መድኃኒቱ በሰው ገላ ውስጥ በግንዱ እንደሚሠራ በጉልህ አመለከተ።

ስኳሩም ተራው ደረሰ። ዳይዘንሆፈር በግንዱ መካከል ያየው የስኳር ሰንሰለት በ297ኛው አሚኖ አሲድ ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ከተነቀለ አብዛኞቹ ተቀባዮች አይይዙም። በ2002 የጄነንቴክ ኩባንያ ተመራማሪዎች ከዚያ ሰንሰለት ፉኮስ የምትባለዋ አንዲት ስኳር ብቻ ስትጎድል ሦስተኛው ተቀባይ እስከ 50 ጊዜ አጥብቆ እንደሚይዝ አሳዩ፤ የጃፓኑ ኩባንያ ክዮዋ ሃኮም በዓመቱ ተመሳሳይ ውጤት አወጣ። ለምን? ምክንያቱ በ2011 በክሪስታል ታየ። ተቀባዩም በ162ኛው ቦታ የራሱ ስኳር አለው፤ ፉኮስ ስትነሣ ሁለቱ ስኳሮች ይቀራረባሉ፣ እርስ በርስም ይያያዛሉ። ፉኮስ ካለች መንገዱን ትዘጋለች። ለዓመታት ስኳር እንደ ማስጌጫ ብቻ ይታይ ነበር፤ ከፕሮቲኑ እኩል የሚናገር መሆኑን ያስተማረን ይህ ሥዕል ነው። በ2012 ጃፓን ያጸደቀችው ሞጋሙሊዙማብ እና በ2013 አሜሪካ ያጸደቀችው ኦቢኑቱዙማብ በዚህ ዕውቀት የተሠሩ የደም ካንሰር መድኃኒቶች ናቸው።

የብራምቤልም ተቀባይ ሁለት ተቃራኒ ሥራዎች ተሰጡት። ሰውነት የገዛ ራሱን የነርቭና የጡንቻ መገናኛ በሚያጠቃበት ማያስቴኒያ ግራቪስ በሚባለው በሽታ አንቲቦዲው ቶሎ እንዲጠፋ ይፈለጋል፤ በታኅሣሥ 2021 በአሜሪካ የጸደቀው ኤፍጋርቲጊሞድ ወገቡ የተሻሻለ የአንቲቦዲ ግንድ ነው፤ ተቀባዩን ቀድሞ ይይዝና ጎጂዎቹን አንቲቦዲዎች ያለ አዳኝ ያስቀራቸዋል። በሌላ በኩል በሕፃናት ላይ ከባድ የሳንባ ሕመም ለሚያስከትለው አርኤስቪ ለተባለው ቫይረስ የተሠራው ኒርሰቪማብ፣ በወገቡ ላይ ሦስት አሚኖ አሲዶች ተለውጠው ተቀባዩ በአሲድ ውስጥ አጥብቆ እንዲይዘው ተደርጓል። በአውሮፓ በ2022፣ በአሜሪካ በ2023 ጸድቋል። ተራው አይጂጂ በሦስት ሳምንት ገደማ በግማሽ ሲቀንስ፣ ይህኛው በሕፃን ደም ውስጥ በግማሽ የሚቀንሰው በ71 ቀን ገደማ ነው፤ አንድ መርፌም ሕፃኑን አንድ የቫይረስ ወቅት፣ ቢያንስ አምስት ወር ያደርሰዋል።